ቁጥሩ ልክ ነው፣ ዕቃው ግን እየጋለ ነው፦ የመብራት ፍጆታ መለኪያ መቼ ነው አደጋ የሚሆነው?

በፈረንጆቹ ጁንና ጁላይ 2014 ካናዳ ውስጥ፣ ሳስካችዋን በምትባለው ክፍለ ሀገር፣ 8 ቤቶች ላይ የተሰቀለ የመብራት ቆጣሪ በእሳት ተያያዘ። አርጅቶ የተበላሸ ቆጣሪ እንዳይመስላችሁ፣ ገና በቅርብ የተገጠመ፣ ፍጆታችሁን በየሰዓቱ ያሳያል ተብሎ የመጣ ስማርት ቆጣሪ ነው። ሳስክፓወር የሚባለው የክፍለ ሀገሩ መብራት ድርጅት እስከዛ ድረስ 105,000 የሚሆን ገጥሞ ነበር፣ ጁላይ 30 ላይ መንግስት በቃ ሁሉም ይነቀል ብሎ አዘዘ፣ የመንቀያውና የመተኪያው ወጪ 15 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር አካባቢ ተገመተ፣ ኦክቶበር ላይ የምርመራው ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ የድርጅቱ ዋና ስራ አስፈፃሚ ሮበርት ዋትሰን ስራውን ለቀቀ።

ነገሩ እዛ ብቻ አልቀረም። በዛው ጁላይ አሜሪካ ኦሬገን ውስጥ ፖርትላንድ ጀነራል ኤሌክትሪክ የዚሁ አምራች፣ የሴንሰስ ስሪት የሆኑ 70,000 ቆጣሪዎችን እቀይራለሁ አለ፣ በጃንዋሪ 2015 ደግሞ የሌላዋ የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ የኦንታሪዮ የኤሌክትሪክ ደህንነት ባለስልጣን 5,400 የሚሆኑትን ለጥንቃቄ አንሱ ብሎ አዘዘ። የሚገርመው ግን ፊላደልፊያ ነው። እዛ ፔኮ የሚባለው ድርጅት ገና በኦገስት 2012 ቆጣሪዎቹ እየጋሉ ስላስቸገሩት ገጠማውን አቁሞ በኋላም ወደ ሌላ አምራች ዞሯል። ሳስካችዋን ላይ እሳት ሲነሳ ወሬው 2 ዓመት ሙሉ አደባባይ ላይ ነበር ማለት ነው።

ይሄን የቆየ ታሪክ አሁን የማነሳው ለምን መሰላችሁ፣ እኛም ጋ ሰው ፍጆታውን ለመለካት ተነስቷል። በኛ አቆጣጠር ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየ3 ወሩ እየጨመረ ለ4 ዓመት እንዲሄድ ስለተወሰነ ቤት ውስጥ "ብሩን የሚበላው የቱ ነው?" የሚል ጥያቄ መጥቷል፣ አውሮፓ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ በፈረንጆቹ ከ2022 የኢነርጂ ዋጋ ንረት ወዲህ ይሄን ጥያቄ ለምደውታል። ስለዚህ ሶኬት ላይ የሚሰካ ባለ ስክሪን መለኪያ፣ ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባ ባለ ዋይፋይ ሞኒተር፣ በስልክ አፕ የሚታይ ምናምን በኦንላይን ይታዘዛል፣ ከዱባይና ከቻይና በሻንጣ ይመጣል፣ አንዳንዱ ሙያተኛ ይጠራል፣ አንዳንዱ ዩቲዩብ እያየ ራሱ ይገጥመዋል። ሲገዛ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው፣ "ልክ ይቆጥራል ወይ?"

እኔ ይሄ ጥያቄ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። ልክ መቁጠር ሌላ፣ አለመቃጠል ሌላ ነው። መለኪያው 3,480 ዋት ብሎ ሲያሳይ ልክ ሊሆን ይችላል፣ በዛችው ደቂቃ ግን የራሱ እግር ሶኬቱ ውስጥ እየቀለጠ ሊሆን ይችላል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይታይም። ለምን እንደማይታይ ትንሽ ላብራራ፣ የጉዳዩ ዋና ነገር ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ።

ኤሌክትሪክ ሽቦ ለሽቦ በሚገናኝበት፣ ቡለን ሽቦውን በሚይዝበት፣ የሶኬት እግር ቀዳዳው ውስጥ በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ትንሽ መከላከል፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚገታ ሬዚስታንስ አለ፣ ጥብቅ ከሆነ መከላከሉ ከቁጥር የማይገባ ነው፣ ከላላ ወይ ከዛገ ወይ ቆሻሻ ከገባበት ግን ይጨምራል። እዛች ነጥብ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የኮረንቲው ስኩዌር ሲባዛ በመከላከሉ ነው። በቁጥር እንየው፦ የላላው ቦታ መከላከል 0.1 ኦም ብቻ ይሁን፣ 4 አምፒር ሲያልፍበት 1.6 ዋት ነው፣ እጅም ላያስተውለው ይችላል። 16 አምፒር ሲያልፍበት ግን ወደ 26 ዋት ይጠጋል። ኮረንቲው 4 እጥፍ ጨመረ፣ ሙቀቱ 16 እጥፍ። 26 ዋት ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ብየዳ የሚሰሩበት ትንሽ ካውያ የሚጠቀመው ያህል ነው፣ እሱ ከአውራ ጣት ጥፍር በማትበልጥ ቦታ ላይ፣ ዙሪያውን ፕላስቲክ በሆነበት ተሰብስቦ ሲቀመጥ የሚሆነውን ገምቱት። ከዛ ደግሞ ነገሩ ራሱን ያባብሳል፣ ብረቱ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ በዚህ መሃል ቡለኑ የበለጠ ይላላል፣ ላዩ ይጠቁራል፣ መከላከሉ ይጨምራል፣ በሚቀጥለው ቀን የበለጠ ይግላል።

"ታዲያ ብሬከሩ ለምን አይወድቅም?" የሚለው ነው ሰውን የሚያምታታው። ብሬከር የሚያውቀው ኮረንቲ መብዛቱን ነው፣ ወይ ሾርት ሲሆን ወይ ጭነት ሲበዛ። የላላ ኮንታክት ግን ኮረንቲውን አያበዛም፣ እንደውም በጥቂቱ ይቀንሰዋል። ለብሬከሩ ሁሉም ሰላም ነው። ወደ መሬት የሚሾልክ ኮረንቲ የሚይዘው ሴፍቲ ብሬከርም አያየውም፣ ምክንያቱም የሾለከ ነገር የለም። መለኪያውም አያየውም፣ እሱ የሚለካው በውስጡ ያለፈውን ነው እንጂ የራሱን ሙቀት አይደለም። የመንግስት ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ ያለው ከቤታችሁ ብሬከር በፊት ስለሆነ ብሬከሩ ቢወድቅ እንኳን ቆጣሪው ላይ ያለውን እሳት አያቆመውም፣ ኮረንቲው ከፖሉ መምጣቱን ይቀጥላል።

አሁን ወደ ምጣዱ ልምጣ፣ የኛ ሰው ታሪክ ያለው እዛ ነውና።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል፣ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር ገደማ ነው። ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ይሄን ያህል የሚጎትት የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ መለኪያ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለካው ምጣዱን ነው። አንድ የማውቃቸው እናት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው ነጭ ባለ ስክሪን መለኪያ አለ፣ እግሩ ከኛ ሶኬት ጋር ስለማይገጥም መሃል ላይ አዳፕተር ገብቷል፣ አዳፕተሩ ደግሞ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል፣ ዲቫይደሩ ግድግዳ ላይ። ስክሪኑ 217 ቮልት፣ 16.0 አምፒር ይላል፣ ልጅቷ "አሪፍ ነው ልክ ይቆጥራል" ትላለች። እንጀራው ግማሽ ላይ ሲደርስ የላስቲክ ሽታ መጣ፣ እናትየው ምጣዱ ላይ የሆነ ነገር የተጣበቀ መስሏቸው ያዩታል፣ ምጣዱ ምንም የለበትም። ጠፍቶ ሲነቀል የአዳፕተሩ አንድ ቀዳዳ ዙሪያውን ቡናማ ሆኗል፣ የመለኪያው አንዱ እግር መነሻው ላይ ፕላስቲኩ ለስልሶ ትንሽ ዘንበል ብሏል፣ ሌላኛው እግር ግን ቀዝቃዛ ነው። ይሄ "አንዱ ብቻ ጋለ" የሚለው ነው ምልክቱ፣ ሙቀቱ የመጣው ከጭነቱ ብቻ ሳይሆን ከላላ ኮንታክት መሆኑን የሚነግራችሁ።

እዛ መለኪያ ጀርባ ላይ የተፃፈው "16 ኤ ማክስ" ነበር። እና ምጣዱ 16 ነው፣ አላለፈም አይደል? በወረቀት አላለፈም። ግን ማክስ ማለት ጣሪያው ማለት ነው፣ እንጀራ ደግሞ ለ5 ደቂቃ አይጋገርም፣ ሳምንታዊ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት በላይ በላዩ ይሄዳል። ርካሽ ዕቃ ላይ ደግሞ የተፃፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው የብረት ውፍረት ሁልጊዜ አይተዋወቁም። በዛ ላይ አዳፕተርና ዲቫይደር በተጨመረ ቁጥር ሁለት ሁለት መነካኪያ ይጨመራል፣ ከግድግዳው እስከ ምጣዱ ድረስ ባለው መንገድ አንዷ ደካማ ከሆነች በቂ ነው። ስለዚህ የኔ አቋም ግልፅ ነው፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ መለኪያ ለፍሪጅ፣ ለቲቪ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለራውተር ይሁን፣ ለምጣድና ለውሃ ማሞቂያ ግን አይሁን፣ ስም ያለው ካምፓኒ የሰራው ቢሆንም።

ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባው ሞኒተር በሌላ መልኩ ነው የሚያሰጋው። እሱ ዋናውን ኮረንቲ በውስጡ አያሳልፍም፣ ሽቦው ላይ እንደ ቀለበት የሚቆለፍ መያዣ አለው፣ በማግኔት ነው የሚለካው፣ ከዚህ አንፃር ከሚሰካው ይሻላል። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቮልቴጁን ለማወቅና ለራሱም መብራት ለማግኘት ቀጫጭን ሽቦ ከፌዝና ከኒውትራል ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የማየው ገጠማ ይሄ ቀጭን ሽቦ ከዋናው ብሬከር ወፍራም ሽቦ ጋር አንድ ቡለን ስር ተጠምዶ ነው። ይሄ ሁለት ጥፋት ነው፦ ቀጭኑ ከወፍራሙ ጋር ሲገባ ቡለኑ ወፍራሙን በደንብ አይጨብጠውም፣ ይላላል፣ ከላይ ወዳልነው ሙቀት እንመለሳለን፣ በዛ ላይ ሞኒተሩ ውስጥ ሾርት ቢፈጠር 40 ወይ 63 አምፒር የሆነው ዋና ብሬከር እስኪወድቅ ድረስ ያ ቀጭን ሽቦ እንደ አምፖል ጅማት ይቀላል። መሆን ያለበት ለብቻው ትንሽ ብሬከር ወይ ፊውዝ ያለው መስመር ነው፣ መመሪያ ወረቀቱም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተፅፏል፣ ግን ማን ያነበዋል።

ሁለተኛ፣ ቀለበቱ። ይሄ ቀለበት ትራንስፎርመር ነው፣ ለምሳሌ 100 አምፒርን ወደ 50 ሚሊአምፒር የሚያወርዱ አሉ። ሽቦው ላይ ተቆልፎ እያለ፣ ዕቃ እየሰራ፣ የቀለበቱን ገመድ ከሞኒተሩ ነቅላችሁ ጫፉን ክፍት ከተዋችሁት ኮረንቲው መሄጃ ስለሚያጣ ጫፉ ላይ ያለው ቮልቴጅ በጣም ከፍ ይላል፣ ሾክ ሊያደርግ ወይ ራሱን ቀለበቱን ሊያቃጥል ይችላል። አንዳንዶቹ ውስጣቸው መከላከያ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም፣ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቀለበቱን መጀመሪያ ከሽቦው ማውለቅ፣ ከዛ ገመዱን መንቀል ነው፣ ሰው ግን "ትንሽ ገመድ ናት" ብሎ ገልብጦ ያደርገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለቴክ ወዳዶቹ፦ ርካሾቹ ባለ ዋይፋይ መለኪያዎች ቦታና ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ በትራንስፎርመር ያልተለየ ፓወር ሰፕላይ ነው ያላቸው፣ 3.3 ቮልት ነው የምትሉት የሰርኪዩቱ ክፍል ከዋናው መስመር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ሶኬት ላይ እያለ ከፍታችሁ ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ ካገናኛችሁት ላፕቶፑን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ነው ከ220 ጋር ያገናኛችሁት።

ወደ ካናዳ ልመለስ፣ ምክንያቱም እዛ የተማርነው የቴክኒክ ነገር ብቻ አይደለም። ሰሜን አሜሪካ ቆጣሪው በቡለን አይታሰርም፣ ከኋላው እንደ ቢላ የወጡ ብረቶች አሉት፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሳጥን መንጋጋ ውስጥ ተገፍቶ ይገባል። መንጋጋው ሲያረጅ ይላላል፣ አዲስ ቆጣሪ ሲገባበት ይግላል። ሳጥኑ ደግሞ ብዙ ቦታ የቤቱ ባለቤት ንብረት ነው። ስለዚህ ቆጣሪ በተቃጠለ ቁጥር "ቆጣሪያችን ደህና ነው፣ ሳጥናችሁ ነው የላላው" ማለት ለድርጅቶቹ ቀላል መልስ ነበር፣ አንዳንዴም እውነት ነው። የሳስካችዋኑ ምርመራ ግን ዋናው ነገር ብሎ ያወጣው ሌላ ሆነ፦ የዝናብ ውሃና ቆሻሻ ወደ ቆጣሪው ውስጥ እየገባ ነበር። ከቤት ውጭ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ዕቃ ውሃ ማስገባት! ከዛም በላይ ሪፖርቱ የደንበኛ ደህንነት በግዢውም በገጠማውም ሂደት የሚገባውን ያህል ትኩረት አለማግኘቱን ነው የተቸው። ያው ያልኩት ነገር ነው፣ ልክ መቁጠር ሌላ፣ አለመቃጠል ሌላ።

እኛ ጋ ቆጣሪ በቡለን ነው የሚታሰረው፣ የላላ መንጋጋ ችግር የለብንም፣ የራሳችን ግን አለን። ከፖል ወደ ቤት የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ነው፣ አልሙኒየም ደግሞ ቡለን ስር ሆኖ በጊዜ ብዛት ይለሰልሳል፣ ላዩ ላይ ኮረንቲ የማያሳልፍ ሽፋን ያበጃል፣ ከመዳብ ጋር በቀጥታ ተጠምዝዞ ከታሰረማ የበለጠ ይበላሻል። ግቢ ውስጥ ለየተከራዩ ተብሎ ከመርካቶ ተገዝተው የሚገጠሙት ትንንሽ ቆጣሪዎችን ተመልከቱ፣ አከራዩ ሰፈር ያለ ልጅ ጠርቶ ያስገጥማል፣ ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ላይ በቆርቆሮ ወይ በላስቲክ ይሸፈናል፣ 3 ቤት ተከራይ 3 ምጣድ እሁድ ጠዋት አንድ ላይ ያበራል። የሚቃጠለው ማን ነው ሲባል ተከራዩ ነው፣ የገጠመው ልጅ የለም፣ የሸጠው ነጋዴ የለም፣ የመንግስት ቆጣሪ ስላልሆነ መብራት ኃይልም "የኔ አይደለም" ቢል አይፈረድበትም። ስማርት ቆጣሪ ወደ መኖሪያ ቤቶች እየሰፋ ሲመጣ ይሄ የተጠያቂነት ጥያቄ አብሮ መነሳት አለበት ብዬ ነው የማስበው፦ የጋለ ቆጣሪ ጥቆማ ለብቻው ይመዘገባል ወይ? በአንድ ሞዴል ላይ ጥቆማ ሲደጋገም የሚያየው ሰው አለ ወይ? 10 ወይ 20 ሆኖ ከተቃጠለ በኋላ ሳይሆን 2 ላይ ሲሆን ነው ማወቅ የሚጠቅመው።

በነገራችን ላይ ስማርት ቆጣሪ ሲነሳ ሁሌ የሚመጣው "ጨረር አለው፣ ካንሰር ያመጣል" የሚለው ወሬ ነው። አሜሪካና ካናዳም ውስጥ ስብሰባውን ሁሉ የያዘው ይሄ ነበር። እነዚህ ዕቃዎች የሚልኩት ሬዲዮ ሲግናል ከኪሳችሁ ካለው ስልክ ብዙም የተለየ ነገር አይደለም፣ የሚልኩትም በአጭር በአጭሩ ነው። ጨረሩን ስንከራከር ቡለኑን የሚያጠብቅ ጠፋ።

እና አሁን ቤታችሁ ያለውን እንዴት ታዩታላችሁ? ምጣዱ ወይ ማሞቂያው ለግማሽ ሰዓት ከሰራ በኋላ አጥፍታችሁ የመለኪያውን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፣ ለብ ማለት ያለ ነው፣ እጅ ማቆየት ካቃታችሁ ግን እዛው ያብቃ። የሶኬት ቀዳዳ ቡናማ ከሆነ ሶኬቱም መለኪያውም አብረው ይቀየሩ፣ የተቃጠለ ሶኬት ላይ አዲስ ዕቃ ሲሰካ አዲሱንም ይዞት ይሄዳል። ምጣድ ሲበራ የሌላ ክፍል መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ከቆጣሪው ሳጥን የሚጢጥ ወይ የሚንጫጫ ድምፅ ከሰማችሁ፣ የላስቲክ ሽታ ካለ፣ ጭነቱን ወዲያው አጥፉ። የመንግስት ቆጣሪ ከሆነ ማሸጊያውን አትንኩ፣ 905 ደውላችሁ "መብራት ሄደ" ሳይሆን "ቆጣሪው እየጋለ ነው" በሉ፣ ሁለቱ አንድ ጥሪ አይደሉም። የግል ከሆነ ፈቃድ ያለው ሙያተኛ መስመሩን ዘግቶ ቡለኖቹን ያጥብቅ፣ የጠቆረውን ሽቦ ቆርጦ እንደ አዲስ ይሰር።

ዋናው ጥያቄያችሁ "ምጣዱ ስንት ይበላል?" ከሆነ ደግሞ ምንም ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። አብዛኛው ዲጂታል ቆጣሪ ላይ የምትበራ የምትጠፋ ቀይ መብራት አለች፣ አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተፅፏል፣ 1000 ወይም 1600 ሊሆን ይችላል። ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ ምጣዱን ብቻ አብሩ፣ በስልካችሁ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደበራች ቁጠሩ፣ በ60 አባዙት፣ ቆጣሪው ላይ ለተፃፈው ቁጥር አካፍሉት። 1000 የሚል ቆጣሪ ላይ በደቂቃ 58 ጊዜ ከበራች ምጣዳችሁ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከነደደ 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 4 ጊዜ ከተጋገረ 28። በአዲሱ ታሪፍ የናንተ እርከን የትኛው እንደሆነ ደረሰኙ ላይ አይታችሁ ብሩን ማስላት ነው።